የተማሪ አደራ



አንድ አባት ልጁን ትምህርት ቤት ሲያስገባ ለመምህሩ የሚያደርገው ረጅም ንግግር የለውም። «አደራ» ይላል፣ እጅ ይነሣል፣ ወደ እርሻው ይመለሳል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ልጁ ወደ ቤቱ እስኪገባ ድረስ የሚሆነውን አባት አያየውም፤ ነገር ግን እኔ የማላየውን የሚያይልኝ ሰው አለ ብሎ ያምናል። በዚህ ጽሑፍ የምናጠናው ያ ሰው ማን እንደ ሆነ ነው። ስሙ ይታወቃልን? ሥራውስ ተለይቶ ተሰጥቶታልን? «የሁላችንም ኃላፊነት ነው» የሚለው መልስ በስብሰባ ላይ ሲሰማ መልካም ይመስላል። ይሁን እንጂ ስም ያልተጻፈበት ኃላፊነት እያንዳንዱ ሰው ሌላው ይሠራዋል ብሎ የሚተወው ሥራ ነው።

ጉዳዩ እኛን በብዙ ወገን ይነካናል። ከመካከላችን የሚበዙት ገና ተማሪዎች ናቸው። ጥቂቶች ደግሞ ከኮሌጅ ተመርቀው በፎገራና በአጎራባች ወረዳዎች ያስተምራሉ። እሑድ እሑድ ታናናሾቻችንን ሰብስበን የምናስተምረውም እኛው ነን፤ ያን ጊዜ አደራ ተቀባዮቹ ሌሎች ሳይሆኑ እኛ ነን ማለት ነው።

ስንቅ ተሸክሞ የሚመጣው ልጅ

ወረታ የመንገድ መገናኛ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ ከሚሄደው መንገድ ጋር የሚገናኘው እዚህ ነው። በዚህ ምክንያት መኪና የሚያድርባት፣ እንግዳ የማይጠፋባት፣ ምግብ ቤትና አልጋ ቤት የበዛባት ከተማ ሆናለች። ከከተማዋ ወደ ጣና የተዘረጋው ሜዳ ግን የገበሬ አገር ነው። የሜዳው ልጅ በቀበሌው ያለውን ትምህርት ሲጨርስ ለሁለተኛ ደረጃ ወደ ወረታ ይመጣል። መንገዱ በየቀኑ ተመላልሶ የሚዘለቅ ካልሆነም ከሁለትና ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ቤት ይከራያል። በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ወላጆቹ ሄዶ ዱቄቱን፣ ሽሮውንና በርበሬውን ተሸክሞ ይመለሳል። ዕድሜው ዐሥራ አራት ወይም ዐሥራ አምስት ነው። ምግቡን ራሱ ያበስላል። ሲታመም የሚያስታምመው ጓደኛው ነው፤ ወባ ደግሞ በሜዳችን እንግዳ አይደለችም።

ይህ ተማሪ ሴት ልጅ ብትሆን ነገሩ ይከብዳል። የቤቱ መዝጊያ ደካማ ነው። አከራዩ ኪራይ ከመቀበል ያለፈ ግዴታ አለብኝ አይልም። ኪራይ ሲጨምርባት ወይም ስንቅ ሲያልቅባት «እኔ ልርዳሽ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ የዚያ ርዳታ ዋጋ ምን እንደ ሆነ የምታውቀው ግን ቆይታ ነው። ወላጆቿ ትምህርት ቤቱ ይጠብቃታል ብለው ተኝተዋል። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከደወል በኋላ ያለው የወላጅ ጉዳይ ነው ይላል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ሰዓት፣ ማለትም የቀኑ እኩሌታና ሌሊቱ በሙሉ፣ ባለቤት የለውም።

ትምህርት ቤት የኪራይ ቤት ሁሉ ዘበኛ ይሁን የሚል የለም። ነገር ግን ስም ጠሪው መምህር በመስከረም ተማሪዎቹን ሲመዘግብ ጥቂት ነገር ጨምሮ ሊጠይቅ ይችላል። የት ነው የምታድሪው? ከማን ጋር? አንድ ነገር ቢደርስብሽ በከተማው ውስጥ የምንጠራልሽ ዘመድ ማን ነው? ይህ አንድ ደብተርና የአንድ ቀን ሥራ ነው። ደብተሩ ካለ፣ ልጅቱ ሁለት ቀን ስትቀር በሦስተኛው ቀን ሰው ሄዶ በሯን ሊያንኳኳ ይችላል። ደብተሩ ከሌለ ግን መታመሟን፣ መጥፋቷን ወይም ከዚያ የከፋውን ትምህርት ቤቱ የሚሰማው እንደ ማንኛውም ሰው ከገበያ ወሬ ነው። ለደብተር መግዣ ገንዘብ የለም የሚል ርእሰ መምህር ቢገኝ አዋጥተን የምንገዛለት እኛ ነን።

በሜዳው ላይ ባሉት ትምህርት ቤቶች ደግሞ ዋናው ጠባቂ የቀሪ መዝገቡ ነው። ይህን ለመረዳት የአገራችንን ወራት ማሰብ ይበቃል። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ እንደ ናበጋና ዋገጠራ ባሉ ቀበሌዎች ውኃው መንደር ይገባል፤ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. በፎገራና በሊቦ ከምከም የደረሰውን ጎርፍና መፈናቀል ታላላቆቻችን አይረሱትም። በመስከረም ትምህርት ሲከፈት መንገዱ ገና ጭቃ ነው። ከ1970ዎቹ ወዲህ ሩዝ ሜዳውን እየሸፈነው ስለ ሄደ የልጅ ሥራ መልኩን ለውጧል። ዱሮ ልጅ የፎገራን ከብት ይጠብቅ ነበር፤ አሁን የሩዝ አረም ያርማል፣ ፍሬ ሲይዝ ደግሞ ከወፍ ይጠብቃል። ከዚያ አጨዳው ይመጣል። በጥር ሠርግ ነው።

እንግዲህ ከክፍል የቀረ ልጅ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቀሪ አይደለም። በጥቅምት የቀረው ወፍ ጥበቃ ሄዶ ይሆናል፤ እርሱን አባቱን አነጋግሮ፣ ከወንድሞቹ ጋር በተራ እንዲጠብቅ አድርጎ መመለስ ይቻላል። በታኅሣሥ መጨረሻ የቀረችው የሰባተኛ ክፍል ልጅ ግን ምናልባት ልትዳር ነው። መምህሩ በስሟ ትይዩ ምልክት እያደረገ ሦስት ሳምንት ከጠበቀ ነገሩ አልቋል። በሦስተኛው ቀን ቢጠይቅ ግን ጠላው ገና አልተጠነሰሰም፤ ሽማግሌም ቃል አልተቀበለም። ድግስ ከተደገሰና ዘመድ ከተጠራ በኋላ ሠርግ ማስቀረት አባትን በአገር ፊት ማዋረድ ስለሚሆን፣ ያን ጊዜ የሚመጣ መምህር እንደ ጠላት ይታያል። አስቀድሞ የመጣው ግን አማካሪ ነው። ልዩነቱ የቀናት ነው።

ሕጉ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ዕድሜውን ለወንድም ለሴትም 18 አደረገው። የ1997ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 648 ዕድሜዋ ያልደረሰች ልጅ ያገባ ሰው፣ ልጅቱ 13 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ያዛል። ነገር ግን በገጠር የክርክሩ ሥር ዕድሜ ነው። «ደርሳለች» ይባላል፤ የልደት ወረቀት ብዙ ጊዜ የለም። በዚህ ጊዜ ልጅቱ አንደኛ ክፍል ስትገባ የተጻፈው የትምህርት ቤት መዝገብ ምስክር ሆኖ ይቀርባል። በንቀት የሚሞላ መዝገብ፣ ዕድሜ በግምት የሚጻፍበት መዝገብ፣ ያን ቀን ልጅቱን ይከዳታል።

ከእኛ ሩቅ ባልሆነ ስፍራ የተሞከረ አንድ ሥራ እዚህ ላይ ማንሣት ይጠቅማል። ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም፣ በይልማና ዴንሳ ወረዳ፣ ሞሰቦ በተባለ ቀበሌ «ብርሃነ ሔዋን» የሚባል ፕሮግራም ነበር። ፖፑሌሽን ካውንስል የተባለው ድርጅት ከክልሉ መንግሥት ጋር ነው የሠራው። ልጆቹ በቡድን እንዲሰበሰቡ፣ ደብተርና እርሳስ እንዲያገኙ፣ ወላጆችም በየጊዜው እንዲወያዩ ተደረገ። ልጅቱ ሳትዳር ብትቆይ በመጨረሻ ለቤተሰቡ የምትረባ የቤት እንስሳ ይሰጥ ነበር። በኋላ ሲመረመር ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች ፕሮግራሙ ካልደረሰበት ቀበሌ ልጆች ይልቅ በትምህርት ቤት የቆዩና ያልተዳሩ ሆነው ተገኙ። ከ15 እስከ 19 ባሉት ላይ ግን ውጤቱ እንዲህ አልሆነም፤ እንዲያውም በእነርሱ መካከል ያገቡት በዚያው ቀበሌ በዙ። ይህን ሁለተኛውን ውጤት ብዙ ሰው አያነሣውም። ለእኔ ግን ትልቁ ትምህርት እርሱ ነው፤ ጥበቃው በ15ኛው ዓመት ካበቃ ጋብቻው ዘገየ እንጂ አልቀረም ማለት ነውና።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉም የተቋረጠው ትምህርት ብቻ አልነበረም። መዝገቡም አብሮ ተዘጋ። ማን እንደ ቀረ የሚጠይቅ ሰው ጠፋ።

በግቢው ውስጥ

እስካሁን የተናገርነው ከውጭ ስለሚመጣው አደጋ ነው። አሁን ለመናገር ወደሚያስቸግረው እንግባ።

ስለ ዱላ በአጭሩ እናልፋለን፤ የታወቀ ነውና። «ዐይኑን ብቻ ተውልኝ» እያለ ልጁን ለመምህር የሚያስረክብ አባት በዱሮ ዘመን ነበረ ይባላል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃን በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም ውስጥ በአካሉ ላይ ከሚፈጸም ቅጣት፣ ከጭካኔና ከኢሰብአዊ አያያዝ ነጻ የመሆን መብት ሰጥቶታል። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 576 ልጅን በአደራ ይዞ የሚያንገላታውን፣ የሚደበድበውንና ከአቅሙ በላይ ሥራ የሚጭንበትን ይቀጣል። ልጅን በሕጋዊ መንገድ ማረምን ግን አልከለከለም። ስለዚህ «ካልመታሁ እንዴት ላስተምር» የሚል መምህር የጠፋው ዘዴ እንጂ መብት አይደለም።

የሚከብደው ሌላው ጥቃት ነው። አብዛኞቻችን ልጅን የሚያበላሽ ሰው ስንል በዐይነ ኅሊናችን የሚታየን ከመናኸሪያ የወረደ፣ የማናውቀው፣ ፊቱ የከፋ ሰው ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ልጅን ለመጉዳት ወደ ልጅ መቅረብ ያስፈልጋል፤ ለመቅረብ ደግሞ መታመን ያስፈልጋል። በዚህ ምክንያት አደጋው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዘመድ፣ ከጎረቤት፣ ከአስተማሪ፣ ከአሳዳጊ፣ ባጭሩ «እርሱማ አይደርግም» ከምንለው ሰው ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆን በክልላችን የደረሰ ነገር አለ። በወሎ፣ ጃሪ በተባለው ስፍራ፣ ቴር ዴ ዞም የሚባል የስዊዘርላንድ በጎ አድራጎት ድርጅት በ1977ቱ ረኃብ ወላጅ ያጡ ልጆችን የሚያሳድግበት የሕፃናት መንደር ነበረው። የመንደሩ ኃላፊ የነበረ አንድ እንግሊዛዊ በዚያ ያደጉ ወንዶች ልጆችን ደፍሯል ተብሎ ተከሰሰ፤ የኢትዮጵያ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2003 ጥፋተኛ ሆኖ አግኝቶት 9 ዓመት ፈረደበት። ወንጀሉ የተፈጸመው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነበር፤ ፍርዱ የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ልብ እንበል። ልጆቹ ወንዶች ነበሩ፤ ብዙ ወላጅ ግን ጥበቃ የሚያስፈልጋት ሴት ልጅ ብቻ ትመስለዋለች። የሚሸሹበት ወላጅ አልነበራቸውም። ምግባቸው፣ ልብሳቸውና ትምህርታቸው በዚያው ሰው እጅ ነበረ። ሰውዬው ደግሞ የመጣው ሊረዳ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ይጠረጥራል? ማንም አይጠረጥርም፤ ስለዚህ ጥበቃው በጥርጣሬ ላይ ሳይሆን በሥርዓት ላይ መቆም አለበት። ሥርዓት ደጉንም ክፉውንም እኩል ያስራል፤ ደጉን አይጎዳውም።

ሥርዓቱ ምን ይመስላል? ከሩቅ አገር መጽሐፍ መቅዳት አያስፈልገንም፤ በግቢያችን ያለውን ማየት ይበቃል። በገጠር ትምህርት ቤት መምህራን በግቢው ወይም በአጠገቡ ባለ ቤት ይኖራሉ። ሴት ተማሪን ውኃ ቅጂልኝ፣ ቤት ጥረጊልኝ፣ ቡና አፍዪልኝ ማለት እንደ ልማድ ሆኖ ቆይቷል። ወላጅም እንደ አክብሮት ያየዋል። ይህ ልማድ መቅረት ያለበት መምህሩ ሁሉ ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ አንዲትን ልጅ ብቻዋን ወደ አንድ ሰው ቤት የሚያስገባ በር ስለ ሆነ ነው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። እንደዚሁም ተማሪን ለብቻ ማነጋገር ሲያስፈልግ የቢሮው በር ይከፈታል። የማጠናከሪያ ትምህርት ሲሰጥ በመማሪያ ክፍል፣ በታወቀ ሰዓት፣ ከአንድ በላይ ተማሪ ባለበት ይሆናል። የሴቶችና የወንዶች ሽንት ቤት ይለያል፤ የሴቶቹ ከውስጥ መዝጊያ ይኖረዋል። ፈተና የሚያርም ሰው ስለ ማርክ ከተማሪ ጋር በምሥጢር አይነጋገርም፤ «ማርክሽ በእጄ ነው» የሚል ቃል በቀልድ እንኳ ቢሰማ ቀልድ አይደለም።

ሕጉ መምህርን ከሌላው ሰው አብልጦ ይጠይቀዋል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 626 ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለች ልጅ ላይ የግብረ ሥጋ ጥቃት የፈጸመ ሰው ከ3 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል፤ ተበዳይዋ ተማሪው ወይም በአደራ የተሰጠችው ልጅ ከሆነች ግን ከ5 እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። ከ13 ዓመት በታች በሆነች ልጅ ላይ በአንቀጽ 627 ቅጣቱ ከ13 እስከ 25 ዓመት ነው። «ፈቅዳለች» የሚለው መከራከሪያ እዚህ ቦታ የለውም። በወንድ ልጅ ላይ የሚፈጸመውም በሕጉ ያስቀጣል።

ልጅ ሲናገር

አሁን አንዲት የአምስተኛ ክፍል ልጅ ከመካከላችን ወደ አንዱ መጥታ፣ አንገቷን ደፍታ፣ የሆነ ነገር ተናገረች እንበል። ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር በአንድ ጊዜ አይናገርም፤ ጫፉን ብቻ ይናገርና ፊታችንን ያያል። ከደነገጥን ወይም ከተቆጣን ቀሪውን ይውጠዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ማዳመጥ ነው። «ለምን ሄድሽ?» አይባልም፤ ይህ ጥያቄ ጥፋቱን በእርሷ ላይ ይጭናል። «ለማንም አልናገርም» ብሎ መማልም አይገባም፤ መሐላው የሚጠብቀው በዳዩን ነው። ይልቅስ «መናገርሽ ደግ ነው፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ ሊረዳሽ ለሚችል ሰው ብቻ እነግራለሁ» ማለት ይበቃል። ከዚያም የተናገረችውን በራሷ ቃል፣ ሳናሳምርና ሳንጨምር፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጨምረን በወረቀት እንጽፋለን። ደጋግሞ መጠየቅ የእኛ ሥራ አይደለም፤ ለአምስት ሰው አምስት ጊዜ የተናገረች ልጅ አምስት ጊዜ ተጎድታለች።

ወረቀቱ ወዴት ይሄዳል? በትምህርት ቤት ውስጥ ለዚህ የተመደበ አንድ ሰው መኖር አለበት፤ ከተቻለም ሴት መምህርት ብትሆን ይሻላል። ስሟ በሰልፍ ላይ ለተማሪው ሁሉ ይነገር፤ ከርእሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይም ይለጠፍ። እርሷ ለርእሰ መምህሩ ትነግራለች፤ የተጠረጠረው ርእሰ መምህሩ ራሱ ከሆነ ደግሞ እርሱን አልፋ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ትሄዳለች። ፖሊስና የወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ያለ መዘግየት መስማት አለባቸው። ተጠርጣሪውን ጠርቶ «እንዲህ ተብለሃል» ማለት ግን ትልቅ ስሕተት ነው፤ ማስረጃውን እንዲያጠፋና ልጅቱን እንዲያስፈራራት ጊዜ መስጠት ነውና።

የአካል ጥቃት ከደረሰ ሰዓት ይቆጠራል። ልጅቱ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መወሰድ አለባት። ኤች.አይ.ቪ. እንዳይይዛት የሚሰጠው መድኃኒት የሚጠቅመው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፤ በቶሎ ሲጀመር ደግሞ ይበልጥ ይሠራል። ከመመርመሯ በፊት ገላዋን ባትታጠብ፣ ልብሷም ሳይታጠብ በወረቀት ተጠቅልሎ ቢያዝ ለፍርድ ማስረጃ ይሆናል። እናት በአዘኔታ ልጇን አጥባ፣ ልብሷን አጥባ፣ «ይርሳሽ» ብላ ታስተኛታለች። እናቲቱን ማንም አልነገራትም። ይህን ለእናቶች አስቀድሞ መንገር ከእኛ አቅም በላይ አይደለም።

አሁን ደግሞ በአገራችን ብዙውን ነገር የሚያበላሸውን እንይ፤ ይኸውም ሽምግልና ነው። ሽምግልና ታላቅ ሀብታችን ነው። ደም ያደርቃል፣ ድንበር የተጋፉትን ያስታርቃል፣ ባልና ሚስት ያስማማል። ነገር ግን ሽምግልና የሚሠራው በሁለት እኩል ሰዎች መካከል ሲሆን ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት የሆናት ልጅና አንድ ጎልማሳ እኩል አይደሉም። በሽማግሌዎቹ ፊት የሚቀመጡት አባቷና በዳዩ ናቸው፤ እርሷ አትጠየቅም። ካሣ ይቆረጣል፣ ወይም «ያግባት» ይባላል፣ በሬ ይታረዳል፣ ይበላል። ገመናው ተሸፈነ ይባላል። የተሸፈነው ግን የማን ገመና ነው? እርሱ ነገ ወደ ሥራው ይመለሳል። እርሷ ትምህርቷን ትተዋለች።

ይህ ልማድ ከሕግም ድጋፍ የነበረው ዘመን ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባት ክሱ እንዲቀር ያደርግ ነበር። የ1997ቱ ሕግ ይህን ሻረው፤ ከጠለፋ በኋላ የሚደረግ ጋብቻ ጠላፊውን ከወንጀል ተጠያቂነት አያድነውም። በሁለቱ ሕጎች መካከል የሰው ሕይወት አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ ፈረሰኞች ጠለፏት። ልታመልጥ ስትል ጠላፊዋን በጠመንጃ ገደለችው፤ በነፍስ ግድያም ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላትና ፍርድ ቤቱ ራሷን ለመከላከል ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። በኋላ «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም የተሠራው በዚህ ታሪክ ነው። እኛ ግን ፊልሙን ስናይ አንድ ነገር እንዳያመልጠን፤ የተጠለፈችው በመንገድ ላይ ነው፤ የትምህርት ቤት መንገድ። ልጆች በቡድን እንዲሄዱ ማድረግ፣ የሩቅ ሰፈር ልጆችን ከፈረቃው ቀድሞ መልቀቅ፣ እነዚህ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች ናቸው።

«ይህ ሁሉ ከሆነ የመምህር ስም በሐሰት ይጠፋል» የሚል ይኖራል። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም፤ ቂም ያለው ሰው ልጅን ሊያስተምርና ሊያናግር ይችላል። ይሁን እንጂ ንጹሕን መምህር ከሐሜት የሚያድነው ምንድን ነው? በሩ ክፍት የነበረ መሆኑ፣ ሰዓቱ የታወቀ መሆኑ፣ ሌላ ሰው በአቅራቢያ የነበረ መሆኑ፣ የተነገረውም በመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ የሰፈረ መሆኑ ነው። በሹክሹክታ የሚነገር ነገር ግን መልስ አይሰጥበትም፤ ሰውየው ወደ ሌላ ወረዳ ይዛወራል፤ ንጹሕ ከሆነ ስሙ ጠፍቶ ይቀራል፤ ጥፋተኛ ከሆነም በሄደበት አዲስ ልጆች ያገኛል። ከሁሉ የከፋው ይህ ዝውውር ነው። ጥፋቱን ያወቀ ኃላፊ ሰውየውን በመልካም የድጋፍ ደብዳቤ ሲሸኝ፣ ደብዳቤውን የሚቀበለው ትምህርት ቤት ምንም ሳያውቅ በሩን ይከፍትለታል።

የእኛ ቤት

ስለ ሌላው ትምህርት ቤት ይህን ያህል ከተናገርን በራሳችን ቤት ስላሉት ዝም ማለት አይገባንም። ደቡብ ጎንደር የአብነት ትምህርት አገር ነው። ድጓ የሚመሰከርበት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አምባ በዚሁ በዞናችን ናቸው። የቆሎ ተማሪ ገና በሕፃንነቱ ከወላጁ ተለይቶ፣ በሣር ጎጆ እያደረ፣ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ለምኖ እየበላ ይማራል። ከዚህ ትምህርት የወጡት ሊቃውንት ክብራችን ናቸው። ነገር ግን ልጁ ልጅ ነው። የኔታ አንድ ናቸው፤ ተማሪው ብዙ ነው። ማታ በጎጆው ውስጥ ትንሹን ከትልቁ የሚለየው የለም። ሲታመም የሚያውቅለት፣ ሲጎዳ የሚነግረው ሰው አለው ወይ? የኔታን መርዳት ማለት ቁራሽና ልብስ መስጠት ብቻ አይደለም። ትንንሾቹ ለብቻ በአንድ ጎጆ እንዲያድሩ ማድረግ፣ ስማቸውንና የወላጆቻቸውን አገር መዝግቦ መያዝ፣ በየሳምንቱ ሄዶ መጠየቅም ነው። ሕፃናቱን ለይቶ የሚጠይቅ ሰው መኖሩ ብቻ ብዙ ነገር ይከለክላል።

የእሑድ ትምህርታችንም ከዚህ አይወጣም። መዝሙር ጥናት አልቆ ሲመሽ ሕፃናቱ ከማን ጋር እንደሚሄዱ የሚያይ ሰው አልመደብንም። ለንግሥ በዓል ወደ ሌላ ደብር ስንሄድ ሴቶችና ወንዶች፣ ትንንሾችና ትልልቆች የሚያድሩበት አስቀድሞ ሊለይ ይገባል። አዲስ አስተማሪ ሲመደብ ከዚህ በፊት የት እንዳገለገለ መጠየቅ ስድብ አይደለም። መዝሙር የሚያውቅ ሁሉ ሕፃናት ሊይዝ ይችላል ብለን የምንመድብ ከሆነ ግን አደራውን ለድምፅ ነው የሰጠነው።

ለሚቀጥለው እሑድ እያንዳንዳችን አንድ ነገር አጣርተን እንምጣ። ተማሪ የሆነ፣ በትምህርት ቤቱ ልጅ ቢጎዳ የሚነገረው ሰው ማን እንደ ሆነ ስሙን ጠይቆ ይምጣ። መልሱ «የለም» ወይም «አላውቅም» ከሆነም እንደዚያው ይጻፍ። መምህር የሆነ፣ በክፍሉ ስንት ተማሪ ከወላጅ ርቆ ተከራይቶ እንደሚኖር ቆጥሮ ይምጣ። ወረቀቶቹን አንድ ላይ አድርገን ለወላጅና መምህራን ኅብረት እናቀርባለን። የሕፃናት ክፍል አስተማሪዎች ከጉባኤው ግማሽ ሰዓት ቀድመን እንገናኝ፤ ማታ ትንንሾቹን ወደ ቤት የሚያደርሱት በየሰፈሩ ማን ማን እንደሚሆኑ ያን ቀን ስም እንጽፋለን።